ከስም በላይ የዋለ ዜማ፦ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ጉዳይ

መጀመሪያ የሰማኋቸው ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ተከፍቷል። ፒያኖ ብቻ። ትዝታ ነው ስል መልሶ ሌላ ይሆንብኛል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው ስል ደግሞ እንደ አውሮፓ ዋልዝ ዞር ይላል። ቡናዬ እፊቴ ቀዘቀዘ። አስተናጋጁን ጠርቼ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ቆብ የደፉ አንዲት እናት ናቸው። "መነኩሴ እኮ ናቸው" አለኝ። እሱም ገና እየገረመው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እኚህ እናት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ስሰማ ኖሬያለሁ። ምክንያቱ አንድ አባባል ነው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" እየተባልን ነው ያደግነው። ለቅሶ ቤት ይባላል። ልጅ ሲመከር ይባላል። እኔም ሳልጠይቅ ተቀብዬው ኖሬያለሁ። የእማሆይን ታሪክ ሳውቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስሙን በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰውስ? ያውም በወጣትነቱ፣ ዝና ደጁ ድረስ መጥቶለት ሳለ? ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከመቃብር በላይ የሚውለው ምኑ ነው?

ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምር። ከአገር ቤት ውጭ የሆነው ነገር ስለሚበዛ ዓመቶቹን በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስም ያለው ቤት

እማሆይ የተወለዱት በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። በእነሱ በ1923 መሆኑ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም የውብዳር ነበር። የውብዳር ገብሩ። ስሙ ራሱ ዜማ አለው።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ስመ ጥር ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። በአውሮፓ የተማሩ ናቸው። የጎንደር ከንቲባ ሆነዋል። በ1919 ወደ አሜሪካ ከሄደው የኢትዮጵያ ልዑክ አባላትም አንዱ ነበሩ። እህታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ ደራሲ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ በኋላም በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ስም ማውጣት ብርቅ አልነበረም። እንደ ቤት ዕቃ የለመዱት ነገር ነው።

ከንቲባ ገብሩ ሴት ልጆቻቸውን አስተማሩ። ያኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውብዳር ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ አንድ ዓይነ ስውር ፒያኖ ተጫዋች ሲጫወት ሰሙ። ያ ቀን ልባቸውን ይዞት ቀረ። ቫዮሊን ተማሩ። ፒያኖም ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ያለፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታወቁ ቤተሰቦች ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም አንዱ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቷ የውብዳር ከሰርዲኒያ በላይ ባለችው የአሲናራ ደሴት እስረኛ ሆነች። ቀጥሎ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ሜርኮልያኖ ተወሰዱ። ትናንት የተከበረ ቤት ዛሬ የደሴት ግዞተኛ። ዝና እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚሄድ ያቺ ልጅ ከመጽሐፍ አልተማረችውም፤ ኖረችው።

የተዘጋው በር

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ካይሮ ሄዱ። እዚያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ አስተማራቸው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ፒያኖም ቫዮሊንም። ሙዚቃ የተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጣት ይደማል፤ ወገብ ይቆረጣል። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ሲያውከው አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም አብሮ መጣ፤ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ እንዲመራ ተሾመ። የውብዳር ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ያዙ።

ከዚያ ነው ትልቁ ዕድል የመጣው። ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ ሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኙ። ለፒያኖ ተጫዋች ከዚህ የሚበልጥ ደጃፍ ብዙ የለም። ግን ከአገር እንዲወጡ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከለከሏቸው። ለምን? እማሆይ በኋላ ሲጠየቁ ስለ ምክንያቱ ብዙ ማውራት አይወዱም ነበር።

ለአሥራ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ከቡና በቀር አፋቸው የገባ ነገር አልነበረም። ሆስፒታል ገቡ። ሊሞቱ ነው ተባለ። ሥጋ ወደሙ እንዲያቀብሏቸው ጠየቁና ቆረቡ። ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ልባቸው ጸጥ ብሎ ነበር፤ ለንደንም ከልባቸው ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን ታሪክ "ለበጎ ነው" ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ አልዘጋውም። አንዲት ወጣት ሴት በላቧ ያገኘችውን ዕድል መከልከል በደል ነው። ውጤቱ ስላማረ በደሉ ጽድቅ አይሆንም። ወረቀቱ ላይ እምቢ ብሎ የፈረመውን ባለሥልጣን ስም ዛሬ የሚጠይቅ ሰው የለም። ያኔ ግን የአንዲት ልጅ ዕጣ በእጁ ነበር።

በቁም መሞት

ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ለማንም ሳይናገሩ ከአዲስ አበባ ጠፉ። የሄዱት ወደ ግሸን ማርያም ነው። ቀድሞ ከእናታቸው ጋር ተሳልመዋታል።

ግሸንን ያየ ሰው ያውቃል። ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ያለች፣ ዙሪያዋ ገደል የሆነ፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋች አምባ ናት። በትውፊታችን ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ቦታ ናት። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚተመው ምዕመን ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ሌላ ታሪክ አላት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙት እዚያ አምባ ላይ ነበር። መሳፍንት እዚያ ተወልደው፣ አርጅተው፣ እዚያው ሞተዋል። የነገሥታት ልጆች እኮ ናቸው። ስንቶቹን በስም እናውቃቸዋለን? እነሱ ተገደው የወጡባት አምባ ላይ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ወደው ወጡ።

በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራል። በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ለሬሳ የሚደርሰው ጸሎት በሕያው ሰው ላይ ይደርሳል። የዓለም ስሙም ይቀራል። ያን ዕለት የውብዳር ገብሩ ሞቱ፤ ጽጌማርያም ተነሡ።

አባባሉ ላይ ያለኝ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እሳቸው ግን ስማቸውን ራሱን ቀበሩት። ከዚያ ቀብር በኋላ ደግሞ ከሰባ ዓመት በላይ ኖሩ።

ግሸን ላይ አሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። ጫማ አወለቁ። በባዶ እግራቸው ሄዱ። ትንሽ ጎጆ ውስጥ አደሩ። ሙዚቃም አልነበረም። በቀን ዘጠኝ ሰዓት የተለማመደ እጅ አሥር ዓመት ሙሉ ፒያኖ አልነካም። ይህን ሳስብ እግራቸውን ሳይሆን ጣታቸውን ነው የማዝንለት። ሌሊት ጸሎት ላይ ቆመው ሳለ ጣታቸው በራሱ ይንቀሳቀስ ነበር ይሆን እላለሁ።

በእንተ ስማ ለማርያም

ባዶ እግር መሄዱ ጤናቸውን ሲያውከው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ፒያኖውም ተመለሰ። በ1960ዎቹ ደግሞ ጎንደር ሄዱና የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ጎንደር ነው።

ጎንደር ውስጥ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ልጆች ናቸው። ዜማ፣ ቅኔ፣ ድጓ ሊማሩ ከሩቅ አገር በእግራቸው መጥተዋል። ማደሪያ የላቸውም። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ነው የሚተኙት። ምግብ የሚያገኙት ከደጅ ደጅ ለምነው ነው።

የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው አይረሳም። እኔ ልጅ ሳለሁ አያቴ ቤት ይመጡ ነበር። ለምድ ለብሰዋል። ትከሻቸው ላይ አኩፋዳ አንጠልጥለዋል። ለውሻ የሚሆን በትር ይዘዋል። በሩ ላይ ቆመው "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላሉ። ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። አያቴ ማዕድ ላይ ብትሆን እንኳ ትነሳለች። እንጀራውን ራሷ ይዛ ትወጣለች። አንድ ጊዜ የመጣው ልጅ ከእኔ አይበልጥም ነበር። የእግሩ ጣት ተሰነጣጥቆ ደም ደርቆበታል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ጫማ አድርጌ ነበር። እንጀራውን ተቀብሎ አኩፋዳው ውስጥ ከተተና ሌላ በር ላይ ሄዶ ያንኑ ቃል ደገመ። ስሙን አልጠየቅኩትም። እሱም በራሱ ስም አልለመነም።

እማሆይ እነዚህን ልጆች ሲያዩ ልባቸው ተነካ። ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ። በንጉሡ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ፣ እርዳታ ጀርመን አገር ታተመ። ገቢው ለድሆች ተማሪዎችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች እንዲውል ነበር። ሌሎች ሸክላዎችም ተከተሉ፤ ሐሳቡ ያው ነው።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ለንደን ያልወሰደቻቸው ሙዚቃ ጎንደር ላይ ሥራ አገኘች። ለአዳራሽ የተለማመዷት ሙዚቃ ለእንጀራ ሆነች። ልጆቹ በማርያም ስም ደጅ ደጁን ይለምናሉ። የማርያምን ስም የያዙት መነኩሴም በፒያኖ ይለምኑላቸዋል።

ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልበል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል። ግራ እጃቸው የአውሮፓን ሥርዓት ይጠብቃል። ረጋ ብሎ እንደ ዋልዝ ይራመዳል። ቀኝ እጃቸው ግን ለቆጠራ አይገዛም። ይቆማል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። የዜማ ቤት ተማሪ ቢሰማው ምልክቶቹን ያውቃቸዋል። ይዘት አለ። ርክርክ አለ። ጣቶቻቸው አንድ ድምፅ ላይ ሲርገበገቡ መሪጌታ ድጓ ላይ ድምፁን ሲያርገበግብ ይመስላል። ቅኝቶቹ የእኛ ናቸው። ፒያኖው የፈረንጅ ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ እንደ ጎረቤት ይተዋወቃሉ።

ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዘመን የነበረ ሰው ነው። በትውፊቱ ያሬድ አፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በያዘው ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ዘማሪው አልተሰማውም። ንጉሡም አላወቀም። ዜማው ሲያልቅ ደሙ ታየ። ከዚያ ያሬድ ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብቱት ለምኖ ወደ ሰሜን ተራሮች መነነ። ንጉሥ እያደመጠው፣ ዝናው ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ነው የሄደው። ብዙዎቻችን ዛሬ አፄ ገብረ መስቀልን የምናነሳው ያን ጦር ስለያዘ ነው። ዘመኑን የገዛው ንጉሥ በዘማሪው ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ገባ። ግሸን ላይ በባዶ እግራቸው የሄዱት እማሆይ ይህን ታሪክ ጎንደር ላይ ሲያጠኑ ምን እንዳሰቡ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ።

በላስቲክ ውስጥ የተቀመጠው

በ1974 ንጉሡ ወረዱ። ሸክላውን እንዲያሳትሙ የረዷቸው፣ የዓለም መሪዎች የተቀበሏቸው ሰው በአንዲት ትንሽ መኪና ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። የእማሆይ ሸክላዎችም ከገበያ ጠፉ። ሲጀመርም ብዙ አልነበሩም። እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1984፣ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሆነ።

ኢየሩሳሌም ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ገዳሙ ያለበት መንገድ ራሱ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ክቡን ቤተ ክርስቲያን አፄ ዮሐንስ አስጀመሩት፤ አፄ ምኒልክ አስጨረሱት። እማሆይ እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። አልጋ አለ። ፒያኖ አለ። ራሳቸው የሣሏቸው ቅዱሳት ሥዕሎች አሉ። የንጉሡም ፎቶ አለ። ዙፋኑ ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፎቶው ከግድግዳቸው አልወረደም። ውለታ አይረሱም ማለት ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ከገዳሙ ውጭ ማን ያውቃቸዋል? ጥቂት ሰው። የድሮ ሸክላ ሰብሳቢ፣ አንዳንድ ዘመድ፣ ሊሳለም የመጣ እንግዳ። ከዚያ በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ላይ ሥራቸውን አወጣው። እማሆይ 82 ዓመታቸው ነበር። ዝና ተመልሶ መጣ። ስድሳ ዓመት ዘግይቶ፣ ሳይጠሩት።

እዚህ ጋ አንዳንድ ሰው "አየህ፣ ስም ከመቃብር በላይ ዋለ" ሊለኝ ይችላል። እኔ ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው እንዲያ አልሆነልኝም። ሰው መጀመሪያ የወደደው ስማቸውን አይደለም። እንደ እኔ ካፌ ውስጥ የሰማ፣ ፊልም ላይ የሰማ፣ ማን እንደሆኑ ሳያውቅ ነው ቆም ያለው። ዜማው ቀድሞ ደረሰ። ስሙን የጠየቅነው በኋላ ነው። አባታቸው ከእሳቸው ይልቅ ስመ ጥር ነበሩ። እህታቸው በአገር ደረጃ ታሪክ የሠሩ ሴት ናቸው፤ ይህን ስል ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ እንዲያውም ዛሬ ስንዱ ገብሩን የማያውቅ ወጣት ሳገኝ ያመኛል። ግን ነገሩ እንዲህ ሆነ። ብዙ ሰው አሁን ከንቲባ ገብሩን የሚያውቀው "የእማሆይ አባት" ብሎ ነው። ስሙን የተወው ልጅ የቤተሰቡን ስም ተሸክሞ ቆመ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። መልካም ሥራ በራሱ አይጠፋም ስንል እውነቱን እናቀለዋለን። የእማሆይ ሥራ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ማያ ዱኒየትዝ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች ገዳሙ ድረስ ሄዳ ስትወዳጃቸው እማሆይ በላስቲክ ከረጢት የታጨቁ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎች ሰጧት። በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። የአሥርት ዓመታት ሥራ። ቅደም ተከተሉ የተደበላለቀ። እስቲ አስቡት። አንድ ቀን የክፍሉ ጣሪያ ቢያፈስ፣ አንድ የቸኮለ ሰው ክፍል ሲያጸዳ ቆሻሻ መስሎት ቢጥለው፣ አበቃ። ያቺ ሴት ቁጭ ብላ ገጹን ከገጽ አገናኘች። 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በ2013፣ ኖታዎቹ በመጽሐፍ ታተሙ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥም ኮንሰርት ተዘጋጀላቸው።

ስለዚህ ከዘመን በላይ የዋለው ነገር ሁለት ሰው ፈልጓል። አንዱ ማንም ሳያየው የሚሠራ። ሌላው ላስቲኩን ተቀብሎ የሚፈታ። ያሬድም ያለ የቆሎ ተማሪ የት ይደርስ ነበር? ከስድስተኛው መቶ ዘመን እስከ ዛሬ ድጓውን በአፍና በብራና ያሻገሩት እነዚያ አኩፋዳ ያንጠለጠሉ ልጆች ናቸው። ትውልድ በትውልድ ላይ፣ በልመና እንጀራ። የአንዳቸውንም ስም አናውቅም። እማሆይ ጎንደር ላይ ሲያዝኑላቸው ዝም ብለው ድሆችን እየረዱ አልነበረም። ዜማውን የሚሸከመውን ትከሻ እየደገፉ ነበር። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፤ ግን ታሪኩን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ሌላ ሆኖ አይታየኝም።

ዘመዶቻቸው አሜሪካ ውስጥ በስማቸው የሙዚቃ ፋውንዴሽን አቋቁመዋል። ዓላማው ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ መርዳት ነው። ሸክላው ከታተመ ከስንት ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

ከወፎቹ ጋር

እማሆይ ጽጌማርያም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። 99 ዓመታቸው ነበር። ዜናውን የዓለም ጋዜጦች ዘገቡት። ኒው ዮርክም ለንደንም ተጻፈላቸው። ያኔ ያልገቡባት ለንደን ማለቴ ነው። እኔ ያን ቀን ዜናውን አንብቤ ስጨርስ ትዝ ያለኝ ግን ግሸን ላይ የተደረሰላቸው የመጀመሪያው ፍትሐት ነው። ያኔ ማንም ጋዜጣ አልዘገበውም።

ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ሌላ ቅጂ ወጣ። ይህን ሳልሰማ ጽሑፉን ልጨርስ አልቻልኩም። ከኢየሩሳሌም በፊት፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ሆነው በቴፕ የቀዱት ነው። ስቱዲዮ የለም። ቴፑን ፒያኖው ላይ አስቀምጠው በአማርኛ ዘመሩ። አዎ፣ በድምፃቸው። እስከዚያ ብዙዎቻችን የምናውቀው ጣታቸውን ብቻ ነበር። ስለ አገር፣ ስለ መለየት ነው የሚዘምሩት። ማን ይሰማኛል ብለው ነው? በዚያ ዘመን፣ በዚያች ክፍል፣ ቴፑ ብቻ ነበር የሚሰማቸው።

ማታ ልጆቼ ሲተኙ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ድምፃቸው ቀጭን ነው። አይጮኹም። ለራሳቸው እንደሚያወሩ ናቸው። የቁልፉ ጠቅታ ይሰማል። የተቀመጡበት የእንጨት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ከጀርባ፣ ከመስኮቱ ውጭ፣ ወፎች። የአዲስ አበባ ወፎች። ከአርባ ዓመት በፊት የሆነ ጠዋት፣ የሆነ ዛፍ ላይ የጮኹ ወፎች። ዛፉ ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም። እማሆይ አንድ ስንኝ ይጨርሱና ትንሽ ያርፋሉ። በዚያች ዕረፍት ውስጥ ወፏ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ ጣታቸው መልሶ ይነካል።